ወር በወር ወይስ በጥራዝ?

ባለፈው ሴሚስተር ለዶርም ጓደኛዬ ያዋስኳትን መጽሐፍ በማግስቱ መለሰችልኝ። ሃያ ገጽ እንኳን የሄደች አይመስለኝም። «ይሄ ሰውዬ ማነው? ሞተ አልተባለም እንዴ? ይቺኛዋስ መቼ ነው ያገባችው?» ብላ በጥያቄ አጣደፈችኝ። መልስ አላጣሁም። ችግሩ፣ እያንዳንዱ መልስ ሌላ መጽሐፍ ነበር። «ተይው በቃ፣ ይሄ ያንቺ ነገር ነው» አለችኝና ወደ ሀንድአውቷ ተመለሰች።

ያዋስኳት የልዕለ ጀግና ኮሚክስ ነው፤ በአፋችን ሱፐርሂሮ የምንለው። ያውም የአንድ ረጅም ታሪክ አራተኛ ጥራዝ። ለምን አራተኛውን? በእጄ ያለው እሱ ስለነበረ፣ ደግሞም እኔ በጣም ስለወደድኩት። ሁለቱም ምክንያቶች ስለ እሷ ምንም እንደማይሉ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ጉዳዩን ዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖረው ለአክስቴ ልጅ ስነግረው ሳቀብኝ። መጽሐፎቹን የሚልክልኝ እሱ ነው፤ ሰው ሲመጣ፣ ከሻንጣው ኪሎ የተረፈ ቦታ ሲገኝ። «እኛም እዚህ ሁልጊዜ የምንጨቃጨቀው በዚሁ ነው» አለኝ። እሱና ጓደኞቹ ረቡዕ ረቡዕ ኮሚክስ ቤት ይገናኛሉ፤ አዳዲስ እትሞች መደርደሪያ ላይ የሚወጡት ረቡዕ ነውና። እዚያ ቆመው ይሄን አንብብ፣ ያንን ተወው፣ ይሄ ተበላሽቷል፣ ያ ገና ሊጣፍጥ ነው ይባባላሉ። ከሁሉ የሚያከራክራቸው ግን «ወር በወር ልግዛው ወይስ ጥራዙ እስኪወጣ ልጠብቅ?» የሚለው ነው።

መጀመሪያ ስሰማው የሥራ ፈት ክርክር መስሎኝ ነበር። ታሪኩ ያው ታሪክ፣ ሥዕሉ ያው ሥዕል፤ ምኑ ያጣላል? እያጣራሁ ስሄድ ግን ከክርክሩ ጀርባ የገንዘብ፣ እንዲያውም የህልውና ጉዳይ አገኘሁ። የትኛው ታሪክ እንደሚቀጥል፣ የትኛው በእንጭጩ እንደሚቀጭ ብዙ ጊዜ የሚወስነው ለዚህ ጥያቄ አንባቢዎች የሚሰጡት መልስ ነው። እኛ ደግሞ ስለ ኅትመት ሚዲያ ስንማር ስርጭት የሚባለውን ክፍል ቶሎ ቶሎ የምናልፈው ይመስለኛል። እስቲ በዚህ በኩል እንየው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ታሪክ፣ ሁለት መልክ

የልዕለ ጀግና ኮሚክስ በአሜሪካ መጀመሪያ የሚወጣው በቀጭን ወርሃዊ እትም ነው። ታሪኩ ሃያ ገጽ ገደማ ነው፤ መሐሉ በሽቦ የተያያዘ፣ ዋጋው አሁን ባለው ገበያ አብዛኛውን ጊዜ 4 ወይም 5 ዶላር። ሃያ ገጽ በአሥር ደቂቃ ያልቃል። ሲያልቅ ደግሞ ጀግናው ከፎቅ እየወደቀ ነው፤ መሬት የሚደርሰው በሚቀጥለው ወር። አምስት ወይም ስድስት እትም ሲጠራቀም አሳታሚው አንድ ላይ ጠርዞ በመጽሐፍ መልክ ያወጣዋል። እኔ ጥራዝ የምለው ይህን ነው። ስስ ሽፋን ያለው አለ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው አለ፣ «ኦምኒበስ» የሚሉት ደግሞ አለ፤ ብዙ ጊዜ ከ800 ገጽ በላይ የሆነ፣ ዋጋውም 100 ዶላርን የሚያልፍ ጉድ። አንድ ጊዜ ኦምኒበስ እንዲልክልኝ ብለምነው የአክስቴ ልጅ «ለእማዬ የሚሄደውን መድኃኒትና ጫማ ከሻንጣው አውጥቼ?» ነው ያለኝ።

በሂሳብ ካየነው ጥራዝ ይረክሳል። ስድስት እትም በ4 ዶላር ስንመታው 24 ይሆናል፤ ያንኑ የያዘው ስስ ሽፋን ጥራዝ ብዙውን ጊዜ ከ20 ዶላር በታች ነው። በየገጹ መሐል ማስታወቂያ የለበትም፣ መደርደሪያ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሰው ያዋሱታል። ታዲያ ማን ሞኝ ነው ወር በወር የሚገዛ? መልሱ ያለው ኮሚክስ በሚሸጥበት መንገድ ውስጥ ነው።

ተመላሽ የሌለው ገበያ

ታላላቆቻችን ስለ አራት ኪሎ የጋዜጣ ንባብ ሲያወሩ ሰምታችሁ ይሆናል። ሰው መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ በጥቂት ሳንቲም ጋዜጣ ይከራይና አንብቦ ለአዟሪው ይመልሳል። አንዱን ቅጂ አሥር ሰው ያነበዋል። በመጨረሻ ያልተሸጠው «ተመላሽ» ተብሎ ወደመጣበት ይሄዳል። አሥር ሰው ያነበበው ጋዜጣ በአሳታሚው መዝገብ ላይ ማንም እንዳላነበበው ሆኖ ይሰፍራል ማለት ነው።

የአሜሪካ ኮሚክስም ለብዙ ዓመታት የተሸጠው በተመላሽ ነበር። በ1938 ሱፐርማን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 በ10 ሳንቲም ሲወጣ የሚገኘው ከጋዜጣና ከመጽሔት ጎን ነው። ሻጩ የተረፈውን ይመልሳል፣ ኪሳራውን አሳታሚው ይችላል። ይህን የለወጠው ፊል ሱሊንግ የሚባል የብሩክሊን የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው። ሰውየው በኒውዮርክ የኮሚክስ ወዳጆች ጉባኤ የሚያዘጋጅ ነበርና ገበያውን ያውቀዋል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለአሳታሚዎቹ አንድ ሐሳብ አቀረበ፦ ዋጋውን ቀንሱልኝ፣ እኔ ደግሞ ምንም አልመልስም። አሳታሚዎቹ ተስማሙ። ከዚያ በኋላ ኮሚክስ ብቻ የሚሸጡ ሱቆች በየከተማው ተስፋፉ።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚከረው። ተመላሽ ከሌለ ኪሳራው የባለሱቁ ነው። ስለዚህ ባለሱቁ እየፈራ ነው የሚያዘው። ያውም የሚያዘው እትሙ ከመውጣቱ ሁለት ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ በዝርዝር ላይ ያለች አንዲት የሽፋን ሥዕልና ጥቂት መስመር መግለጫ አይቶ ነው። ታዲያ ምን ተማምኖ ያዛል? ደንበኞቹን። ቋሚ ደንበኛ ሁሉ በስሙ የተቀመጠ ሳጥን አለው፤ «ይሄን፣ ይሄንና ይሄን በየወሩ አስቀምጥልኝ» ይላል። ባለሱቁ እነዚህን ይቆጥራል፣ ትንሽ ይጨምርበታል፣ ያዛል። አሳታሚው ደግሞ የሱቆቹን ትእዛዝ ደምሮ «ይቀጥል» ወይም «ይቁም» ይላል።

ስለዚህ ድምፅ ያለው ያነበበው ሰው ሳይሆን ከወራት በፊት ያዘዘው ሰው ነው። «ጥራዙ ሲወጣ አነበዋለሁ» የሚለው አንባቢ ታሪኩን ከልቡ ቢወደውም በዚያ ቆጠራ ውስጥ የለም፤ አራት ኪሎ ላይ ጋዜጣ ተከራይቶ እንደሚያነበው ሰው። ጥራዙ ሊሸጥ ሲደርስ ታሪኩ ተቋርጦ ሊያገኘው ይችላል።

በነገራችን ላይ ይህ ገበያ ራሱ የቆመው በቀጭን እግር ነበር። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የትልልቆቹ አሳታሚዎች ወርሃዊ እትም ወደ ሱቆች ይደርስ የነበረው ዳይመንድ በተባለ አንድ አከፋፋይ ብቻ ነው። ዲሲ በ2020 ጥሎት ሄደ (ከተማዋን ሳይሆን የባትማንን አሳታሚ ነው የምለው)፣ ማርቭል በ2021 ተከተለ፣ ዳይመንድ ደግሞ በጥር 2025 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ስለ ሞኖፖሊ የሚያነብ ሰው ካለ ይህ ለብቻው አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ማን አዳናቸው?

ወር በወር የሚገዙት ወገኖች ሁልጊዜ የሚጠቅሱት «ስፓይደር ገርል»ን ነው። በ1998 የጀመረ ተከታታይ ነው፤ ባለታሪኳ የስፓይደርማን ልጅ ሜይዴይ ፓርከር ናት። ሊቋረጥ ነው፣ ሊቋረጥ ነው ሲባል አንባቢዎቿ ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ ያላነበበውን ሰው «ሞክራት» ብለው ይወተውታሉ፣ ሱቆቹን ያስጨንቃሉ። እንደገና ትተርፋለች። እንዲህ እንዲህ እያለች 2006 ላይ 100ኛ እትሟ ደረሰች። በተራ አንባቢ ውትወታ መቶ እትም! የአክስቴ ልጅ ይሄን ሲነግረኝ እሱ ራሱ ያሳተማት ነው የሚመስለው።

እኔ ደግሞ «ራናዌይስ»ን አነሳሁበት። ብራያን ኬ. ቮን የጻፈው፣ ኤድሪያን አልፎና የሣለው፣ በ2003 የጀመረ ነው። ጥቂት ልጆች ወላጆቻቸው በስውር ወንጀለኞች መሆናቸውን ያውቁና ከቤት ይጠፋሉ። ወርሃዊ ሽያጩ ደካማ ነበርና በ2004 በ18ኛው እትም ቆመ። ግን ማርቭል ታሪኩን በትንንሽ፣ በርካሽ ጥራዞች አውጥቶት ነበር። ጥራዞቹ በተራ መጻሕፍት መደብር ተሸጡ፤ ኮሚክስ ቤት ደጃፍ ረግጠው የማያውቁ ልጆች ገዟቸው። በ2005 ተከታታዩ እንደ አዲስ ጀመረ። ይህኛውን ያዳኑት እንግዲህ በጥራዝ የገዙት ናቸው።

«ሚስ ማርቭል»ም እንዲሁ ናት። በ2014 በዚህ ስም የጀመረው ተከታታይ ባለታሪክ ካማላ ካን የጀርሲ ሲቲ ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ 16፣ ቤተሰቧ ከፓኪስታን የመጣ፣ ሙስሊም። ደራሲዋ ጂ. ዊሎ ዊልሰን፣ ሠዓሊው ያው አልፎና። ብዙ አዳዲስ አንባቢዎች ያገኟት በጥራዝና በዲጂታል ነው፤ በወርሃዊው ትእዛዝ ብቻ ብትለካ ኖሮ ግማሽ ታሪኳ አይታይም ነበር። የመጀመሪያው ጥራዝ በ2015 የሁጎ ሽልማት አግኝቷል።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። «አሁኑኑ ግዛ፣ አለዚያ ገዳዩ አንተ ነህ» የሚለው የወዳጆች ንግግር አይጥመኝም። ይህ ምክር ሳይሆን የዕድር መዋጮ መሰብሰብ ነው። አሳታሚው ያላሰበበትን ስርጭት አንባቢው በኪሱ ይሙላለት ማለት ነው። በሌላ በኩል ግን «አትቸኩይ፣ ጥራዙን ጠብቂ» የሚለውም ንጹሕ ምክር አይደለም፤ ሁሉም ሰው ቢሰማው የሚጠበቅ ጥራዝ ላይኖር ይችላል። የአክስቴ ልጅ በዚህ ላይ ያለው መፍትሔ ቀላል ነው፦ አዲስና ስም የሌለው ሲሆን ወር በወር ይገዛል፤ ባትማንና ስፓይደርማን ሲሆን ይጠብቃል። «ባትማን እኔን አይፈልግም» ይላል።

የአንባቢው ድምፅ

ወዳጆች እንዲህ የሚያወሩት ከመቼ ጀምሮ ነው ብዬ ስፈልግ የደብዳቤ ዓምድ ላይ ደረስኩ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአንዳንድ ኮሚክሶች የመጨረሻ ገጾች የአንባቢ ደብዳቤ ከነሙሉ አድራሻው ይታተም ጀመር። ውጤቱን አስቡት፦ ሚዙሪ ውስጥ ያለ አንባቢ ዲትሮይት ውስጥ እንደሱ ያለ «እብድ» እንዳለ ያውቃል፣ በቀጥታ ይጽፍለታል። በ1961 የዲትሮይቱ መምህር ጄሪ ቤይልስ ከሚዙሪው ከሮይ ቶማስ ጋር ሆኖ «ኦልተር ኢጎ» የተባለ የወዳጆች መጽሔት አወጣ፤ መጀመሪያ የነበረው አባዝቶ በፖስታ መላክ ነው። ቶማስ በኋላ ኒውዮርክ ገብቶ ማርቭል ተቀጠረ፤ በ1972 የስታን ሊን ቦታ ተረክቦ ዋና አዘጋጅ ሆነ። ደብዳቤ ጸሐፊው አዘጋጅ ሆነ ማለት ነው። በግድግዳ ጋዜጣ ለጀመርን ለእኛ መጥፎ ዜና አይደለም።

ማርቭል ስህተት ነቅሶ ለሚጽፍ አንባቢ «ኖ-ፕራይዝ» የሚባል ሽልማት ይሰጥ ነበር። ፖስታው ቤታችሁ ይመጣል፤ ላዩ ላይ እንኳን ደስ አላችሁ ይላል፤ ስትከፍቱት ባዶ ነው። ለአንዳንድ አሳይመንታችን የሚገባ ሽልማት።

ድምፅ የሚለው ቃል ቃል በቃል የሆነበት ጊዜም ነበር። በ1988 በባትማን ታሪክ ውስጥ የዚያን ጊዜው ሮቢን ጄሰን ቶድ ፍንዳታ ውስጥ ይቀራል። ይሙት ወይስ ይትረፍ? ዲሲ ሁለት የስልክ ቁጥሮች አተመ፤ አንዱ ለሞት፣ አንዱ ለሕይወት፤ ጥሪው 50 ሳንቲም። 5,343 ጥሪ ይሙት አለ፣ 5,271 ይትረፍ። በ72 ጥሪ ልዩነት ልጁ ሞተ። አዘጋጁ ዴኒ ኦኒል በኋላ እንደተናገረው አንድ ሰው በኮምፒውተር ደጋግሞ «ይሙት» እያለ ደወለ የሚል ወሬ ሰምቷል፤ የተረጋገጠ ነገር አይደለም። እውነት ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ የደወለ ብዙ ሰው መስሎ ተቆጥሯል ማለት ነው። ስለ አስተያየት መለኪያ ስንማር ይህ ምሳሌ ቢነሳ ማንም አይረሳውም ነበር። (ጄሰን በ2005 ተመልሶ መጣ። በኮሚክስ ሞት እንደ ዊዝድሮዋል ነው፤ ሪአድሚሽን አለ።)

ጥራዝ የለወጠው

ጥራዝ አንባቢውን ብቻ አይደለም የለወጠው። ድሮ አንድ ወርሃዊ እትም ሙሉ ታሪክ ይይዝ ነበር፤ ተጀምሮ ያልቃል። ጥራዝ ከተለመደ በኋላ ደራሲዎች ታሪኩን ለአምስትና ለስድስት እትም እየመጠኑ መጻፍ ጀመሩ፤ ጥራዙ ሲወጣ ልክ እንዲሆን። በጥራዝ ሲያነቡት ያምራል፣ አየር አለው። ወር በወር ለሚያነበው ግን አንዳንዱ እትም ሁለት ሰዎች ሻይ ሲጠጡ ያልቃል፤ 4 ዶላሩ እዚያው ቀረ።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን የ«ዎችመን» ነገር ነው። አላን ሙር የጻፈው፣ ዴቭ ጊበንስ የሣለው፣ በ1986 እና 87 በ12 እትም የወጣ ሥራ ነው። «ኮሚክስ ልጀምር፣ ምን ላንብብ?» ላለ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠራለት ስም ይህ ነው። ውሉ ላይ አንድ አንቀጽ ነበር፦ መጽሐፉ ኅትመቱ ተቋርጦ የተወሰነ ጊዜ ካለፈ መብቱ ወደ ፈጣሪዎቹ ይመለሳል። በጊዜው ይህ ለደራሲዎቹ ያደላ ውል ይመስል ነበር፤ ኮሚክስ አንዴ ታትሞ ወር ሳይሞላው ከመደርደሪያ የሚወርድ ነገር ነበራ። ነገር ግን ዲሲ በ1987 በጥራዝ አወጣው፣ ጥራዙም ከዚያ ወዲህ ኅትመቱ ተቋርጦ አያውቅም። መብቱም አልተመለሰም። ሙር ከዲሲ ጋር ተቆራረጠ፤ ተታለልኩ ባይ ነው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ለብዙ ቀን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ። «ዎችመንን አንብብ» እያለ በፍቅር የመከረ አንባቢ ሁሉ ጥራዙ እንዲሸጥ፣ ስለዚህም እንዲታተም፣ ስለዚህም መብቱ በአሳታሚው እጅ እንዲቀር ጠጠር ወርውሯል። እኔም ለሁለት ሰው መክሬያለሁ። አሁንም ብጠየቅ እመክራለሁ፤ ግሩም ሥራ ነዋ። ግን የውሉንም ታሪክ አብሬ ነው የምነግረው።

ታዲያ ከየት ይጀመራል?

ወደ ዶርሜ ልመለስ። የጓደኛዬ ችግር ምን ነበር? መጀመሪያ ርዝመቱ ያስፈራት መስሎኝ ነበር። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ ይቺ ልጅ የቱርክ ድራማ ከክፍል 1 እስከ 100 ምናምን ሳታቋርጥ የምታይ ናት። ርዝመት አያስፈራትም። ያበሳጫት መሐል ላይ መጣሏ ነው። ክፍል 80 ላይ ቲቪ ከፍተሽ «ተመልከቺ፣ በጣም ደስ ይላል» እንደ ማለት ነው ያደረግኳት።

መሐል ላይ መውደቅ ደግሞ በኮሚክስ ቀላል ነው፤ ምክንያቱም ቁጥሩ ያታልላል። አሳታሚዎች «ቁጥር 1» የሚል እትም ቶሎ እንደሚሸጥ ስለሚያውቁ ተከታታዩን በየጊዜው ከ1 ያስጀምሩታል። «አሜዚንግ ስፓይደርማን» በ1963 ነው የጀመረው፤ ከ1999 ወዲህ ግን ደጋግሞ ከ1 ተቆጥሯል። ስለዚህ «ቅጽ 1» የሚል የስፓይደርማን ጥራዝ አንድ ሳይሆን ብዙ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ አንደኛ ቢባልም የቀደመውን ካላነበቡ አይገባም። መካሪው የደራሲውን ስምና ዓመቱን ካልነገራችሁ አልመከራችሁም። «ከመጀመሪያው ጀምሪ» የሚለውን ደግሞ አትስሙት፤ ከ1963 ጀምሮ የሚያነብ ሰው የሚደርሰው ሲመረቅ ሳይሆን ጡረታ ሲወጣ ነው።

ስለዚህ ከየት ልጀምር ለምትሉኝ፣ አጥሩ ያለቀለትን ልጥራ። ከሱፐርማን «ኦል ስታር ሱፐርማን»፣ ግራንት ሞሪሰን የጻፈው፣ ፍራንክ ኳይትሊ የሣለው፤ ከ2005 እስከ 2008 በ12 እትም ወጥቶ ያለቀ ነው፣ ሌላ ምንም ማወቅ አይጠይቅም። ከባትማን በ2011 የጀመረው የስኮት ስናይደርና የግሬግ ካፑሎ «የጉጉቶች ሸንጎ»። ሁለቱም ዲሲ በ2024 በጀመረው ትንሽ መጠን ባለው የ10 ዶላር ጥራዝ ተከታታይ ውስጥ ወጥተዋል፤ ለሻንጣም ይቀላሉ።

ከቅርቦቹ፣ ማርቭል በጥር 2024 ያስጀመረው «አልቲሜት ስፓይደርማን» አለ። ዮናታን ሂክማን የጻፈው፣ ማርኮ ኬኬቶ የሣለው። እዚያ ፒተር ፓርከር ኃይሉን የሚያገኘው ጎረምሳ ሳለ ሳይሆን ሚስትና ሁለት ልጆች ካፈራ በኋላ ነው። ብዙው ነገር የራት ጠረጴዛ ዙሪያ ነው፤ ድብድብ ፈላጊ ይሰለቻል፣ እኔ ግን አልሰለቸኝም። ዲሲ በጥቅምት 2024 ያስጀመረው የስናይደርና የኒክ ድራጎታ «አብሶሉት ባትማን» ተቃራኒው ነው፤ ብሩስ ዌይን ሀብት የሌለው የሠራተኛ ልጅ ነው፣ እናቱ በሕይወት አለች፣ ድብድቡም ደም በደም ነው። ለታናሽ ወንድማችሁ አትስጡት። ሁለቱም ከዜሮ የጀመሩ ዓለሞች ስለሆኑ ያለፈ ዕዳ የለባቸውም፤ ሰው ቶሎ የያዛቸውም አንዱ በዚህ ይመስለኛል።

የእኛም አገር ነገር አለ። ኢታን ኮሚክስ በ2018 «ጀምበር» የተባለ የኢትዮጵያ ልዕለ ጀግና ኮሚክስ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አውጥቷል። ሴት ጀግና ያላት «ሃዊ» ደግሞ ከኅትመቱ በፊት ከአንባቢዎች ገንዘብ አሰባስባ ነው የወጣችው። የአሜሪካው ባለሱቅ ሦስት ወር ቀድሞ የሚያዘው ነገር እዚህ ወደ አንባቢው ኪስ በቀጥታ መጣ ማለት ነው፤ ገንዘቡን ያዋጣ አንባቢ ከተገኘ ይታተማል፣ ካልተገኘ የለም።

ለጓደኛዬ በመጨረሻ የሰጠኋት የ«ሚስ ማርቭል»ን ቅጽ 1 ነው። የመረጥኩት እኔ ስለወደድኩት አይደለም፤ እሷ ከቤተሰቧ ጋር በስልክ ስትከራከር በየቀኑ ስለምሰማት ነው። «በስምንት ሰዓት ግቢ፣ ማን ነው አብሮሽ ያለው፣ ምን በልተሻል» ዓይነት ክርክር። ካማላ ካንም ያንኑ ነው ከእናቷ ጋር የምትከራከረው። ጓደኛዬ ያን ማታ መብራት ጠፍቶ በስልኳ ባትሪ አነበበችው። ጠዋት ላይ «ሁለተኛውስ?» አለችኝ።

ሁለተኛው የለኝም። ለአክስቴ ልጅ ጻፍኩለት። እስከዚያ ድረስ ግን አንደኛው ከእጃችን ወጥቷል፤ ጎረቤት ዶርም ያለች ልጅ ወሰደችው፣ ከሷም በኋላ ሁለት ሰው ወረፋ ይዟል። ይህንን ለአክስቴ ልጅ እየተኩራራሁ ነገርኩት።

«ስንት ሰው አነበበው በመጨረሻ?» አለኝ።

«ወረፋውን ጨምረህ አምስት።»

«እኔ የከፈልኩት ለአንድ ነው» አለና ሳቀ። ሰው የሚመጣው ለፋሲካ ነው፤ ቅጽ 2 እና 3ን አንድ ላይ ይልካል፣ ኪሎ ከተረፈ።